ከገና ዛፍ ሥር ያለው ድሪቶ

«ድሪቶ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ክብር የለውም። ድሪቶ ለባሽ ማለት ልብሱ በጥፍ ላይ ጥፍ ተደርቦበት የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደሆነ የማይለይ ደሃ ነው። ልጅ ሳለን የሰው ልብስ ለማንቋሸሽ ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረንም። አሜሪካኖች ግን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የሚሰፉትን ብርድ ልብስ «ኩዊልት» ብለው በሙዚየም ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ አያት ለልጅ ልጇ ስትሰፋው ከርማ በገና ዋዜማ ከዛፉ ሥር ታኖረዋለች። አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ ከመሐል እንደ ባዘቶ የተነጠፈ ጥጥ፣ ከታች ገበር፤ ሦስቱን ወጋ ወጋ አድርጎ አንድ የሚያደርጋቸው ስፌት።

ስለዚህ ስጦታ የሚነገረው የተለመደ ታሪክ አጭር ነው፦ ድሮ ሁሉም ለቤተሰቡ በእጁ ይሠራ ነበር፤ ኋላ ፋብሪካና ሱቅ መጡና ወጉን አጠፉት። ዘመኑን በቅደም ተከተል ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእጅ የተሰፋ የገና ስጦታና ፋብሪካ መንትዮች ናቸው፤ የተወለዱትም ያደጉትም አብረው ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1659–1790፦ ገናም ጨርቅም ብርቅ በነበሩበት ዘመን

የዛሬዋ አሜሪካ ለገና የምታደርገውን ሽርጉድ ላየ ሰው ለማመን ይከብዳል እንጂ፣ ገናን ማክበር በሕግ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። በ1659 የማሳቹሴትስ ቤይ ቅኝ ግዛት ምክር ቤት ሥራ ፈትቶ ወይም ድግስ ደግሶ ገናን ሲያከብር የተገኘ ሁሉ 5 ሽልንግ እንዲቀጣ ደነገገ። ፒዩሪታኖቹ ምክንያት ነበራቸው። ክርስቶስ የተወለደበት ቀን በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጻፈም፤ ትተውት በመጡት አገር በእንግሊዝ ደግሞ ገና የስካርና የጫጫታ ሰሞን ነበር። ሕጉ በ1681 ቢሻርም፣ በኒው ኢንግላንድ ታኅሣሥ 25 ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ተራ የሥራ ቀን ሆኖ ቆየ።

በዓሉ በሚከበርባቸው በቨርጂኒያና በኒውዮርክም ቢሆን፣ ለቤተሰብ የተጠቀለለ ስጦታ መስጠት ገና አልተለመደም። የሚሰጠው ከላይ ወደ ታች ነበር፤ ጌታ ለሎሌው፣ ባለጸጋ ለደሃው። ድሆች እንደኛ የቡሄ ልጆች ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ባለቤቱም ምግብ ወይም መጠጥ ይሰጣል። የቡሄ ልጆች ካልተሰጣቸው ቢያንጎራጉሩ ነው፤ እነዚያ ግን መስኮት ይሰብሩ ነበር።

ጨርቅ ደግሞ ውድ ነበር። ደህናው ከእንግሊዝ፣ አበባ የታተመበት ቺት ከሕንድ በመርከብ ይመጣል። ቤት ውስጥ የሚፈተለው የበግ ጠጉርና ተልባ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ኩዊልት የባለጸጋ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት በንብረት መዝገብ ከአልጋውና ከብሩ ሳህን ጋር ተገምቶ የሚጻፍ። ብዙውም ከቁርጥራጭ የተሠራ ሳይሆን ከአንድ ወጥ ጨርቅ የተሰፋ ነው። ምድጃ ዳር ተቀምጣ እራፊ እየለቀመች ኩዊልት የምትሰፋው የቅኝ ግዛት ዘመን እናት ሥዕል ኋላ የተፈጠረ ትዝታ ነው። እራፊ እንዲኖር መጀመሪያ ጨርቅ መብዛት አለበት።

1790–1836፦ ቺት ሲረክስ

ጨርቁን ያበዛው ጥጥ ነው፤ ጥጡን ያበዛው ደግሞ ባርነት።

በ1790 ሳሙኤል ስሌተር በሮድ አይላንድ በውሃ ኃይል የሚሠራ መፍተያ አቆመ። በ1793 ኢላይ ዊትኒ ፍሬን ከጥጥ የሚለይ መዳመጫ ሠራ፤ እጅ ቀኑን ሙሉ ደክሞ አንድ ፓውንድ ያህል የሚያወጣበትን ሥራ ቀላል አደረገው። በ1820ዎቹ በማሳቹሴትስ የሎዌል ፋብሪካዎች የገበሬ ልጃገረዶች ተቀጥረው ጨርቅ በሺህ ሜትር ማውጣት ጀመሩ። ሰሜኑ ሲሸምን ደቡቡ ያመርታል። በ1790 ወደ 700,000 የነበረው የባሪያ ቁጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። የአንድ አነስተኛ ገበሬ ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት አራት ዓይነት ቺት በቤቷ እንዲኖራት፣ ከቀሚሷ የተረፈውን እያስቀመጠች በቅርጽ እንድትገጣጥም ያስቻላት ይህ ነው።

ያ ጨርቅ እኛም ዘንድ ደርሷል። ያልነጣው የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ በዛንዚባርና በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ሐረርና ሸዋ ገብቶ «አቡጀዲ» ተባለ። ንግዱ ትልቅ ስለነበር በ1903 በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። የእነሱ ገና ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ የእኛ ገና አልደረሰም።

ወደ ማሳቹሴትስ ልመለስ። ገናን በ5 ሽልንግ ይቀጣ የነበረው ቦስተን በ1834 በገና ሰሞን አንድ ባዛር ተከፈተበት። አዘጋጆቹ ባርነትን የሚቃወሙ ሴቶች ናቸው፤ ከግንባር ቀደሞቹም ደራሲዋ ሊዲያ ማሪያ ቻይልድና ማሪያ ዌስተን ቻፕማን ነበሩ። ሴት በአደባባይ ስትናገር በምትነወርበት ዘመን መርፌ ግን ማንም አይከለክላትም። መሐረብ፣ የእጅ ቦርሳ፣ የመርፌ መሰኪያ፣ የሕፃን ልብስ ሰፍተው ሸጡ፤ ገንዘቡ ለትግሉ ሆነ። በ1836ቱ ባዛር ለሽያጭ ከቀረቡት መካከል የሕፃን አልጋ ልብስ የሚሆን አንድ ትንሽ ኩዊልት እስከ ዛሬ አለ፤ የሰፋችው ቻይልድ እንደሆነች ይታመናል። ረድፍ ረድፍ በኮከብ ቅርጽ የተገጣጠመ ነው። በመሐሉ ባለው ኮከብ ላይ በቀለም ግጥም ተጽፏል፤ ልጇን ታቅፋ የምታስተኛ እናት፣ ልጇን ከጉያዋ የሚነጥቋትን ጥቁር እናት እንድታስብ የሚጠይቅ።

ይህች ቁራጭ ጨርቅ ከተሠራችበት ዓላማ ጋር የምትጋጭበት ነገር አለ፤ ጥጡ። ያንን የሚያውቁ ኩዌከሮች ነበሩ፤ በባሪያ እጅ የተለቀመ ጥጥ አንለብስም ብለው ለብቻው ሱቅ እስከ መክፈት ደረሱ። ብዙው ሰው ግን ቺቱን ገዛ።

ጥጡ በሚመረትበት በደቡብ፣ በእርሻዎቹ ላይ፣ ገና ማለት ከሥራ የሚያርፉባቸው ጥቂት ቀናት ነበር፤ በብዙ ቦታ የዓመቱ የልብስ ጨርቅ የሚታደለውም በዚያ ሰሞን ነው። ከባርነት አምልጦ የጻፈው ፍሬድሪክ ዳግላስ እነዚያ ቀናት ባሪያው እንዳያምፅ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ናቸው ብሎ ተቃውሟቸዋል። ከታደለው ጨርቅ የሚተርፈውን ሴቶቹ ሌሊት እየገጣጠሙ ለልጆቻቸው ብርድ መከላከያ ይሰፉ ነበር። አብዛኛው በላያቸው አልቋል።

1848–1868፦ ዛፉ፣ መጽሔቱና ሲንጀሩ

ገና ከአደባባይ ወደ ሳሎን የገባው በእነዚህ ዓመታት ነው። በ1848 የለንደን አንድ ሥዕላዊ ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ አልበርት ከልጆቻቸው ጋር በጌጥ በተሞላ ዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፊላደልፊያ የሚታተመው «ጎዲስ ሌዲስ ቡክ» ሥዕሉን ቀድቶ ሲያትመው ከንግሥቲቱ ራስ ዘውዱን፣ ከአልበርት ፊት ጢሙን አጠፋ። ንጉሣዊው ቤተሰብ ተራ የአሜሪካ ቤተሰብ ሆኖ ቁጭ አለ። አሜሪካ ውስጥ ዛፍ ያላቆመ ብዙ ቤት ያንን ሥዕል አይቶ ተመኘ።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ሣራ ጆሴፋ ሔል ነበረች። ባሏ ሞቶ አምስት ልጅ ይዛ የቀረች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጥቁር የለበሰች፣ ብርቱ ሴት። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት መጽሔቱ 150,000 ያህል ቅጂ ይሸጥ ነበር። ለሴቶች ከታሪክና ከግጥም ጋር የስፌት ንድፍ ያድላል፤ ለአባት የተጠለፈ የቤት ጫማ፣ ለወንድም የብዕር ቀለም መጥረጊያ፣ ለአክስት የመርፌ መሰኪያ ትራስ። ታኅሣሥ ሲቃረብ ንድፉ ይበዛል። በሌላ አነጋገር፣ «ራሴ አስቤ በእጄ የሠራሁት» የሚባለው ስጦታ በብዙ ሺህ ቤት በአንድ ሳምንት ከአንድ ገጽ ላይ የሚቀዳ ነበር። ክሩን፣ ሸራውን፣ ዶቃውን ሱቅ ይሸጣል።

ታዲያ ለምን በእጅ? ብዙዎች ፍቅር ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሕጉንም አያለሁ። በዚያ ዘመን ባገባች ሴት ላይ የሚሠራው ልማዳዊ ሕግ ገቢዋንና ንብረቷን ለባሏ የሚሰጥ ነበር። ኒውዮርክ ይህን ማላላት የጀመረችው በ1848 ነው። ሚስት ለባሏ ከሱቅ ዕቃ ብትገዛ በራሱ ገንዘብ ለራሱ ስጦታ ገዛችለት ማለት ነው። የራሷ የምትለው ሌሊቱን ነው። በጫማው ላይ የተጠለፈው አበባ የዚያ ሌሊት ደረሰኝ ነበር።

ጊዜውን ያስገኘላት ደግሞ መኪናው ነው። ኢላያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንገር በ1851 የስፌት መኪና ፓተንት አወጡ። ዋጋው መጀመሪያ ከ100 ዶላር በላይ ስለነበር ተራ ቤተሰብ አይደፍረውም። በ1856 የሲንገር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ ጥቂት ቀብድ እያስያዘ ቀሪውን በየወሩ የሚቀበልበትን ዘዴ አመጣ፤ መኪናው በየቤቱ ገባ። በእጅ ከ14 ሰዓት በላይ የሚፈጅ የወንድ ሸሚዝ በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ያልቅ ጀመር። እኛ አገር የኩባንያው ስም «ሲንጀር» ሆኖ የመኪናው ራሱ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ስንት በረንዳ ላይ እንደተቀመጠ አንባቢ ያውቃል፤ እኛ ዘንድ ግን በአብዛኛው የወንድ እንጀራ ሆነ፣ እዚያ የቤት እመቤት ዕቃ።

ይህ ትልቁ መታጠፊያ ይመስለኛል። ሸሚዙን መኪና ሲወስደው መርፌ ከግዴታ ተላቀቀ። እስከዚያ ድረስ ለቤተሰብ መስፋት ምግብ እንደማብሰል ነበር፤ ማንም ወጥ ጠቅልሎ ስጦታ አይሰጥም። መስፋት ሳያስፈልግ መስፋት ሲመጣ ነው ስፌት ስጦታ የሆነው።

የሉዊዛ ሜይ አልኮት «ሊትል ዊመን» በ1868 ሲወጣ የሚጀምረው በገና ነው። አባታቸው ጦር ሜዳ ያለ አራት እህትማማቾች በእጃቸው ባለችው አንዳንድ ዶላር ለእናታቸው ስጦታ ያዘጋጃሉ። አንዷ ጓንት፣ አንዷ ጫማ፣ አንዷ ሽቶ ከሱቅ ይገዛሉ። መርፌዋን ያነሳችው ዝምተኛዋ ቤዝ ብቻ ናት፤ በመሐረቦቹ ላይ ፊደል ጠለፈች። ከአራት ሦስቱ ያኔም ሱቅ ሄደዋል። አንባቢ የሚያስታውሳት ግን ቤዝን ነው።

1876–1912፦ እራፊ በገንዘብ

በ1876 አሜሪካ መቶኛ ዓመቷን በፊላደልፊያ በታላቅ ኤግዚቢሽን አከበረች። ያ ዝግጅት ለኩዊልት ሁለት ነገር አደረገ። የቅኝ ግዛት ዘመን ማእድ ቤት ተሠርቶ ሲታይ የ«ድሮዋ እናት» ናፍቆት ተቀሰቀሰ። የጃፓን ዕቃዎች ሲቀርቡ ደግሞ የተሰባበረ መስተዋት የመሰለ፣ ቅርጽ የለሽ አገጣጠም ፋሽን ሆነ፤ ሐርና ከፋይ እንደመጣ ተገጣጥሞ ዳር ዳሩ በጥልፍ የሚሞላ። «እብድ ኩዊልት» አሉት። የሐር እራፊ የሌላት ምን ታድርግ? ነጋዴ ደረሰላት፤ የሐር ቁርጥራጭ በጥቅል ተደርጎ በፖስታ ይላክ ጀመር። እራፊ መግዛት! ለቁጠባ የተፈጠረው ነገር ብር ያስወጣ ጀመር፤ ጨርሶም አይታጠብም፣ ለብርድም አይሆንም።

በዚሁ ዘመን፣ በጆርጂያ በአቴንስ ከተማ አቅራቢያ፣ ሌላ ዓይነት እጅ እየሠራ ነበር። ሐሪየት ፓወርስ በ1837 በባርነት ተወለደች፤ ነጻነት ሲታወጅ የልጆች እናት ነበረች። በ1886 በአቴንስ የጥጥ ትርዒት ላይ አንድ ኩዊልት አቀረበች። በ11 ክፍል ተከፍሎ፣ የሰውና የእንስሳ ምስል ከጨርቅ ተቆርጦ በላዩ ተሰፍቶበታል። አዳምና ሔዋን፣ ቃየንና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የክርስቶስ ጥምቀት፣ ይሁዳና 30 ብሩ፣ ስቅለቱ። የመጨረሻው ክፍል ዮሴፍ፣ ድንግል ማርያምና ሕፃኑ ናቸው፤ ከራሱ በላይ የቤተልሔም ኮከብ። የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላየ ሰው ትረካው አዲስ አይሆንበትም፤ ዓይኑ ከክፍል ክፍል እያለፈ ሳይጠየቅ ያነብበዋል።

ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል መምህርት አይታው ሽጪልኝ አለች። ፓወርስ በምንም ዋጋ አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ገባ። ፓወርስ በበሬ በሚጎተት ጋሪ መጣች፤ ኩዊልቱን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት፣ ከረጢቱን በጆንያ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። 10 ዶላር ጠየቀች። ስሚዝ ያላት 5 ነበር። ከባሏ ተማክራ ተስማማች፤ ከመስጠቷ በፊት ግን እያንዳንዱን ክፍል በቃሏ አስረዳች፤ ስሚዝም ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ፓወርስ ልጅ በማደጎ እንደሰጠች እናት እየተመላለሰች ኩዊልቷን ትጎበኘው ነበር። ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በስሚዝሶኒያን ነው። ሁለተኛው ሥራዋ ስጦታ ሆኖ ለአንድ ቄስ ተበረከተ፤ አሁን በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ከእጇ የተረፉት የታወቁ ሁለት ብቻ ናቸው። እሷ በ1910 አረፈች።

ከተሞች በዚህ ጊዜ በሱቅ ዕቃ ተጥለቅልቀዋል። ትልልቅ መደብሮች በገና ዋዜማ እስከ እኩለ ሌሊት ይከፍታሉ፤ የማይረባ ጌጣጌጥ እየተገዛ ይሰጣል፤ ሠራተኛ ሴቶች ከደመወዛቸው አዋጥተው ለአለቆቻቸው ስጦታ እንዲገዙ ይገፋሉ። በ1912 ኤሊኖር ቤልሞንትና አን ሞርጋን በኒውዮርክ «የማይጠቅም ስጦታን የሚከላከል ማኅበር» አቋቋሙ፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀር አባል ሆነ። አን ሞርጋን የባንክ ባለጸጋው የጄ. ፒ. ሞርጋን ልጅ ነበረች፤ ገንዘብ የተትረፈረፈበት ቤት ገንዘብ የማይገዛውን ሲፈልግ ማለት ነው። ማኅበሩ ብዙ አልቆየም። በገና ሰሞን «ምን ልግዛ» ከሚለው ጎን «ምን ልሥራ» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ግን አልቀረም።

1929–1945፦ ጆንያው ቀሚስ ሆነ

ኩዊልት ዳግመኛ የደሃ ዕቃ የሆነው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ጨርቁ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነበር። ዱቄትና የዶሮ መኖ ድሮ በበርሜል ይሸጥ ነበር፤ ስፌቱ የማይፈታ ከረጢት መሥራት ያስቻለው ያው የስፌት መኪና ነው። ሴቶች ባዶውን ከረጢት አጥበው እንደሚሰፉ ኩባንያዎቹ ሲያውቁ፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ አበባ ያተሙበት ይሸጡ ጀመር። የድርጅቱ ስም ሲታጠብ በሚለቅ ቀለም ይጻፋል። በአንዳንዱ ላይ ተቆርጦ የሚሰፋ የአሻንጉሊት ቅርጽ ታትሟል። የ100 ፓውንድ ከረጢት ሲፈታ ከአንድ ያርድ ትንሽ የሚበልጥ ጨርቅ ይወጣዋል፤ ለሴት ቀሚስ ሦስት ያህል ይበቃል። ባል መኖ ሊገዛ ሲላክ ከረጢቱ ከቀድሞው ጋር እንዲመሳሰል አደራ ይባላል፤ ነጋዴው ከታች ያለውን ጆንያ ለማውጣት ክምሩን ሲያፈርስ ይውላል።

ገና ሲደርስ ከዚያው ከረጢት የልጅ ቀሚስ፣ ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ፣ በእራፊ የተሞላ አሻንጉሊት ይወጣል። ፋብሪካው እንግዲህ ለስጦታው ጨርቁን ራሱ ማቅረብ ጀመረ ቢባል ብዙ አልተጋነነም።

በ1933 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርዒት ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅት ያዘጋጀው የኩዊልት ውድድር ከ24,000 በላይ ሥራ ቀረበለት። ታላቁ ሽልማት 1,000 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዘመን ለብዙ ቤተሰብ ከዓመት ገቢ የሚበልጥ። አሸናፊዋ የኬንታኪዋ ማርጋሬት ኬደን ሆነች፤ ኩዊልቱም ለቀዳማዊት እመቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ተበረከተ። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች እውነቱን አወጡት፤ ኬደን አንዲት ስፌት አልሰፋችም። የሰፉት በጥቂት ገንዘብ የተቀጠሩ ሴቶች ነበሩ። ከ1,000 ዶላሩ አልተካፈሉም፤ ሥራ እንዳያጡ ፈርተው ዝም አሉ። ለቀዳማዊት እመቤት የተሰጠው «የእጅ ሥራ» ስጦታ እጆቹ ያልተጠሩበት ነበር።

በ1942 በአላባማ ጂስ ቤንድ በተባለች መንደር ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ባሏ ሞተባት። የለበሳቸውን የሥራ ልብሶች ሰብስባ ከልጇ ጋር ሆና ኩዊልት ሰፋችበት። ጉልበቱ ላይ የተጣፈው፣ ኪሱ ተፈትቶ ሰማያዊው ያልለቀቀበት ቦታ፣ ፀሐይ ያነጣው ትከሻ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ስጦታ ለማን እንደሆነ ለመናገር ይከብዳል። ልትለብሰው ነው የሰፋችው።

1962–2002፦ ከልብስ ማስጫ ገመድ እስከ ሙዚየም

ጂስ ቤንድ በወንዝ ክብ የተያዘች የጥቁር ገበሬዎች መንደር ናት። ብዙው ነዋሪ ፔትዌይ ይባላል፤ የድሮው የባሪያ አሳዳሪ ስም ነው። በ1962 ነዋሪዎቹ ለመምረጥ ሊመዘገቡ ሲነሡ ወደ ካምደን ከተማ የሚያሻግራቸው ጀልባ ቀረ። በጀልባ ጥቂት ደቂቃ የነበረው መንገድ በመኪና ወደ አንድ ሰዓት ሆነ። ጀልባው የተመለሰው በ2006 ነው።

ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1965 መጀመሪያ መጥቶ አነጋግሯቸዋል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፍራንሲስ ዋልተር የተባለ ቄስ በአካባቢው ሲያልፍ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተሰጡ ኩዊልቶች አየ። በ10 በ10 ዶላር እየገዛ ኒውዮርክ ወስዶ አጫረተ። በ1966 ሴቶቹ «ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ» የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ በኋላም ለትልልቅ መደብሮች ሰፉ። በ1972 ሲርስ ከኮርዶሮይ የትራስ ልብስ እንዲሰፉለት ተዋዋለ። ከዚያ ሥራ የተረፈው ኮርዶሮይ የት ሄደ? ወደ ቤታቸው፣ ወደ ልጆቻቸው አልጋ። ዛሬ በጣም የሚደነቁት የመንደሩ ኩዊልቶች አንዳንዶቹ ከዚያ የሲርስ ትርፍራፊ የተሠሩ ናቸው።

ሙዚየሞቹ ዓይናቸውን የገለጡት በ1971 ነው። በኒውዮርክ የዊትኒ ሙዚየም የድሮ ኩዊልቶችን እንደ ዘመናዊ ሥዕል በነጭ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። በ1976 አገሪቱ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ናፍቆቱ ተመልሶ መጣ፤ በ1979 አንድ የጃፓን ኩባንያ በክብ ምላጭ የሚሽከረከር መቁረጫ አወጣና በመቀስ ቀን የሚፈጀው ቆረጣ የደቂቃዎች ሥራ ሆነ። በ1987 ጥቅምት 11 ቀን ደግሞ በኤድስ የሞቱ ሰዎች ስም የተሰፋባቸው 1,920 ጨርቆች በዋሽንግተን ሣር ላይ ተዘረጉ፤ እያንዳንዱ 3 በ6 ጫማ፣ የመቃብር ያህል።

የጂስ ቤንድ ሥራዎች በ2002 በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በዊትኒ ታዩ። ሚዙሪ ፔትዌይ ከባሏ ሱሪ የሰፋችውም ከእነዚያ መካከል ነበር። ጎብኚ ቆሞ የቀለሙን አሰላለፍ ያደንቃል፤ ሰፊዎቹ በቀዝቃዛ ቤት በቀዳዳ የሚገባውን ንፋስ ያስታውሳሉ። ድሪቶ ነበር፤ ያለ ማጋነን።

1995–2025፦ ለማያውቁት ልጅ

በ1995 በገና ዋዜማ «ፓሬድ» በተባለ የእሑድ መጽሔት ላይ የአንዲት ሕፃን ታሪክ ወጣ። የካንሰር ሕክምናዋን እንድትችል የረዳት ከእጇ የማትለየው ብርድ ልብስ እንደሆነ ይናገራል። ካረን ላውክስ የተባለች የኮሎራዶ ሴት ይህን አንብባ በዴንቨር ላለ የሕፃናት ካንሰር ማእከል በእጅ የተሠሩ ብርድ ልብሶች ማሰባሰብ ጀመረች። ስሙን «ፕሮጀክት ላይነስ» አለችው፤ ብርድ ልብሱን ከእጁ በማይጥለው የካርቱን ልጅ ስም። ቅርንጫፎቹ በመላ አሜሪካ ተዘረጉ። የቤተሰብ ስጦታ የነበረው ስማቸው ለማይታወቅ ልጆች መሰጠት ጀመረ። እናቶቻችን ፈትለው ሸማኔ ዘንድ የሚያስሠሩትን ጋቢ በሻንጣ ታጅሎ ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ሲገባ ያየ ሰው፣ ሕፃኗ ስለ ብርድ ልብሷ የተናገረችውን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የእጅ ስፌቱ ዕጣ ግን ከመንትያው፣ ከፋብሪካውና ከሱቁ፣ አይለይም። በ1943 በኦሃዮ የተከፈተው ጆአን የተባለው የጨርቅ መደብር አድጎ አድጎ ወደ 800 ሱቅ ደርሶ ነበር። በ2020 በወረርሽኙ ወቅት ማስክ የሚሰፋው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ፤ ከዚያ ግርግሩ ሲበርድ ዕዳው ቀረ። በ2025 የፀደይ ወራት ሁሉም ተዘጉ። ታኅሣሥ ላይ የገና ቺት የሚቆረጥበት ረጅም ጠረጴዛ በብዙ ትንንሽ ከተሞች ቀርቷል፤ ጨርቁ አሁን በኢንተርኔት ታዝዞ ደጅ ይመጣል።

ሰፊዎቹ ግን አንድ ልማድ አዳብረዋል። በየሙዚየሙ ካሉት አሮጌ ኩዊልቶች እጅግ ብዙዎቹ አጠገብ ያለው ጽሑፍ «ሰፊዋ ያልታወቀች» ይላል። ስለዚህ ዛሬ ኩዊልቱ ካለቀ በኋላ ተገልብጦ በጀርባው በታችኛው ማዕዘን ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ይለጠፋል፤ በማይለቅ ቀለም ወይም በጥልፍ ይጻፍበታል። ለማን፣ ከማን፣ የት ከተማ፣ የየትኛው ዓመት ገና።